ግራሙንም ጻፉልን

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ሸክላ ማጫወቻ አመራረጥ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ያነበብኩት እርሳስ ይዤ ነው። ሸክላ ለመስማት ሀብታም መሆን እንደማያስፈልግ መናገሩ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ጸሐፊው “ለዋጋው የሚመጥን” ብሎ ያቀረበው ማጫወቻ ብሉቱዝ አለው፣ ሁለት ስፒከር በሆዱ ይዟል፣ በሦስት ፍጥነት ይዞራል፣ በአምስት ቀለም ይመጣል። ይሄ ሁሉ ተዘርዝሯል። መርፌው ሸክላውን በስንት ግራም እንደሚጫነው ግን አንድ ቃል የለም። ፎቶውን በመነጽሬ አየሁት። መርፌውን ከያዘው ክንድ ጀርባ ግራሙን የሚያስተካክል ሚዛን የሚባል ነገር የለም። ባዶ ነው።

የሙዚቃ ባለሙያ አይደለሁም። ልብስ ሰፊ ነኝ። 26 ዓመት ከመርፌ ጋር ውዬ አድሬአለሁ። ጀማሪዎች የስፌት መኪና ሲገዙ “ስንት ዓይነት ጥልፍ ይሠራል?” ብለው ነው የሚጠይቁት። እኔ መጀመሪያ መርፌውን አያለሁ። መርፌው ከደነዘዘ መቶ ዓይነት ጥልፍ ቢሠራ ምን ይረባኛል፤ ጨርቁን ይበላዋል። ሸክላም እንደዚያው ነው። ይህን ለመማር ግን ሦስት ማጫወቻና አንድ የምወደው ሸክላ ፈጅቶብኛል።

የመጀመሪያው የሻንጣ ማጫወቻ ነበር። ደስ የሚል ነገር ነው፣ አልዋሽም። ክዳኑን ትከፍቱታላችሁ፣ ሸክላውን ታስቀምጣላችሁ፣ ይዘፍናል። ሌላ ገመድ የለ፣ ሌላ ዕቃ የለ። ከወር በኋላ አንዱ ሸክላዬ መዝለል ጀመረ። የሰው ምክር ሰምቼ ከክንዱ አናት ላይ ሳንቲም ለጠፍኩበት። መዝለሉ ቆመ። ብልህ ነኝ ብዬ ኮራሁ።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ዘፋኟ “ሰ” ባለች ቁጥር “ፍሽሽ” የሚል ነገር ይከተላት ጀመር። ሙሉ ዘፈኑን አይደለም፤ “ሰ”ን ብቻ። መርፌ ቀየርኩ። ያው ነው። ሸክላውን ይዤ ጥሩ ማጫወቻ ያለው ሰው ቤት ሄድኩ። እዚያም “ፍሽሽ”። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የተበላሸው ሸክላው ራሱ ነበር። መርፌው የሚሄድበት ቦይ ተፍቋል። የተፋቀ ቦይ ደግሞ እንደ ጨርቅ አይጣፍም።

የእህቴ ልጅ የወርቅ መመዘኛ የምትመስል ትንሽ ሚዛን አመጣ። መርፌውን ቀስ አድርገን አሳረፍንባት። ያለ ሳንቲሙ ከ5 ግራም በላይ። ከነሳንቲሙ ስንት እንደነበር አልነግራችሁም፤ ያሳፍራል። መርፌው የሚሰካበት፣ ንቅናቄውን ወደ ድምፅ የሚቀይረው ዕቃ ካርትሪጅ ይባላል። ዛሬ በብዛት የሚሸጡት ማግኔት ያላቸው ካርትሪጆች 2 ግራም ገደማ ይበቃቸዋል። የኦርቶፎን 2ኤም ሬድ 1.8 ግራም ነው የሚጠይቀው። የኦዲዮ-ቴክኒካ ቪኤም95ኢ 2 ግራም።

በ2 እና በ5 ግራም መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል። ያ ክብደት የሚያርፈው ግን ከፀጉር በቀጠነች ጫፍ ላይ ነው። ደግሞ መንገዱን አስቡት። የ20 ደቂቃ አንድ ገጽ በደቂቃ 33⅓ ዙር ፍጥነት 667 ያህል ዙር ነው። ያ ቦይ ተተርትሮ ቢዘረጋ ከ400 ሜትር ያልፋል። ያቺ ጫፍ ያንን ሁሉ እየተጫነች ነው የምትሄደው። ስሙ ሸክላ ይሁን እንጂ የዛሬው ዲስክ ፕላስቲክ ነው፤ ብዙ ይችላል፣ ሁሉን ግን አይችልም። በርካሽ የሻንጣ ማጫወቻዎች ውስጥ ያለው በአብዛኛው ሴራሚክ የሚባለው ካርትሪጅ ነው። ግትር ነው። ቦዩን ተከትሎ እንዲሄድ በኃይል መጫን አለበት። ስፒከሩም እዚያው ሆዱ ውስጥ ስላለ፣ ድምፁን ከፍ ስታደርጉ ሣጥኑ ይንቀጠቀጣል፣ ሣጥኑ ሲንቀጠቀጥ መርፌውም አብሮ ይንቀጠቀጣል።

ያን ማጫወቻ ላስተካክለው ብዬ ካቻቢቴ ይዤ ተቀምጬ ነበር። የሚፈታ ነገር አጣሁ። ክንዱ ፕላስቲክ ነው፣ ከኋላው የሚዞር ክብደት የለውም፣ ካርትሪጁ ከክንዱ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ነው። ለዋጋው የሚመጥን ማጫወቻ ማለት ለእኔ የሚፈታ ማጫወቻ መሆኑን ያን ቀን ወሰንኩ።

ሁለተኛውን ያገለገለ ገዛሁ። “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” የተባለው ለእኔ ነው። መልኩ ያምራል፣ ሳህኑ ከባድ ነው፣ ክንዱ ከኋላ ሚዛን አለው። የመጣው በ120 ቮልት ከሚሠራ አገር ነው። ሻጩ “ትራንስፎርመር ግዢ፣ አለቀ” አለኝ። ገዛሁ። ሸክላ አስቀመጥኩ። የማውቃት ዘፋኝ ወንድ ሆና መጣች። ወፍራም፣ የደከመው፣ እንቅልፍ የመጣበት ወንድ። ደስተኛው ዘፈን ሁሉ ሐዘን ለበሰ።

ቺንጋው ላልቶ ነው ብዬ አዲስ ቺንጋ አስገባሁ። ለውጥ የለም። ዘይት አደረግሁ። ለውጥ የለም። መጨረሻ ላይ ትንሽ ቀይ ጨርቅ ቆርጬ ከሳህኑ ጠርዝ ላይ ለጠፍኩና ሸክላ አስቀምጬ፣ መርፌውን አሳርፌ መቁጠር ጀመርኩ። የ33⅓ ደስ የሚለው ነገር በ3 ደቂቃ ልክ 100 ዙር መሆኑ ነው። ስልኬን 3 ደቂቃ ሞላሁ። ጨርቋ በፊቴ ባለፈች ቁጥር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ቆጠርኩ። ስልኩ ሲጮህ 83 ላይ ነበርኩ። አላመንኩም። ደገምኩት። 83።

83ን ለ100 ብታካፍሉት 50ን ለ60 ከማካፈል ጋር እኩል ነው። ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። የዚያ ዓይነት ዲናሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ኸርዝ ነው፤ መብራቱ በሰከንድ ስንቴ እንደሚመላለስ ማለት ነው። የተሠራው ለ60 ኸርዝ ነው፤ እኔ ቤት ያለው መብራት 50 ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀይራል እንጂ ኸርዙን አይነካውም። ሻጩ አውቆ ይሁን ሳያውቅ ይሄን አልነገረኝም። እናንተም ባወጣችሁት ጽሑፍ “ያገለገለ ስትገዙ ቮልቱን እዩ” ብላችኋል። ልክ ነው፣ ግን ጎደሎ ነው። ኸርዙንም እዩ በሉ። በዲሲ ዲናሞ የሚሠሩትና ፍጥነታቸውን በኳርትዝ የሚቆጣጠሩት ይሄ ጣጣ የለባቸውም።

የሚገርመው ያ ማጫወቻ ዳነ። ቺንጋው የሚጠመጠምባት ትንሽ መዘውር ከዲናሞው ላይ በአንዲት ብሎን ትፈታለች። ፈትቼ ቶርኖ ቤት ወሰድኳት። ስፋቷ 10 ሚሊ ሜትር ነበር፤ 12 አድርገው ሌላ ሠሩልኝ። ለ45 የሚሆነውንም እርከን በዚያው ልክ። ገጠምኩና ቆጠርኩ። 100። ዘፋኟ ሴት ሆነች። ማጫወቻው አሁን የእህቴ ልጅ ቤት ነው። “ይሄ የኔ ነው” ብሎ ተሸክሞት ሄደ፤ ላስጥለው አልቻልኩም።

እግረ መንገዴን ያገለገለ ለሚገዛ ሰው ይህን ልበል። ክንዱን በሁለት ጣት ይዛችሁ በቀስታ ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጉት። ከመሠረቱ ላይ ከተንገጫገጨ ተዉት፤ ያንን መጠገን ከባድ ነው። ሳህኑ ሲዞር ጎንበስ ብላችሁ በዓይናችሁ ልክ እዩት። ወደላይ ወደታች መዋኘት የለበትም። መርፌው “አዲስ ነው” ቢባልም አትመኑ፤ የአዲስ መርፌ ዋጋ ከሒሳባችሁ ውስጥ አስገቡ። ቺንጋ ቀላል ነው፣ አያስፈራም።

ሦስተኛው አሁን ያለኝ ነው። አዲስ ነው የገዛሁት። ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤልፒ120 ይባላል። ማስታወቂያ እንዳይመስልባችሁ፤ ከዚህ የተሻለ ድምፅ ያላቸው እንዳሉ አውቃለሁ። የሬጋ ፕላናር 1 እና የፕሮ-ጄክት ደቡት ሁለቱም በቺንጋ የሚዞሩ፣ ቀለል ያሉ፣ ጥሩ ክንድ ያላቸው ናቸው። ከቺንጋና ከቀጥታ ዲናሞ የቱ ይሻላል የሚለውን ክርክር ለሚወዱት ትቼዋለሁ። በቀጥታ በዲናሞ የሚዞረውን ያስመሰገነው የቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ወጣ፣ በ2010 ማምረት ቆመ፣ በ2016 ተመለሰ። ዛሬም በየጭፈራ ቤቱ ይዞራል። ዋጋው ግን የእኛ ወሬ ውስጥ አይገባም። እኔ የራሴን የመረጥኩት ስለሚፈታ ነው። መርፌው ያለበት ጭንቅላት በእጅ ተሽከርክሮ ይወጣል። ካርትሪጁ በ2 ትናንሽ ብሎኖች ነው የታሰረው። በብሎኖቹ መካከል ያለው ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአብዛኛው ካርትሪጅ መደበኛ ልክ ይሄ ነው። ነገ የሌላ ፋብሪካ ብገዛ ይገጥምልኛል።

ሚዛኑን ያስተካከልኩበትን ማታ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚፈራው እሱን ነው። መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ውሃ ልክ አስቀመጥኩ። በአንድ በኩል ያዘነብላል። ካርቶን አጥፌ ከእግሩ ስር ወሸቅሁ። ከዚያ የመርፌውን መከለያ አወለቅሁና ክንዱን ለቀቅሁት። አፍንጫው ቁልቁል ሄደ። ከኋላ ያለውን ክብደት ትንሽ ወደኋላ አዞርኩት። አሁን ጭራው ወረደ። መለስ አደረግሁት። እንዲህ ስል ስል፣ አንድ ቦታ ላይ ክንዱ አየር ላይ ቆመ። አይወጣም አይወርድም፤ ውሃ ላይ እንደ ተኛ ቅጠል እዚያው ይንሳፈፋል። ትንፋሼን ዋጥኩ። ያ ዜሮ ነው። ክብደቱ ላይ ያለችውን ቁጥር የተጻፈባትን ቀለበት ብቻ አዙሬ ዜሮ ላይ አደረግሁ። ከዚያ ክብደቱንና ቀለበቱን አንድ ላይ እስከ 2 አዞርኩ። አለቀ። ክንዱ ወደ መሃል እንዳይሳብ የሚመክተውንም ቁልፍ 2 ላይ አደረግሁት። የእህቴ ልጅ ሚዛን 2.03 አለ። እንዲህ ያለ ልክ በሙያዬም ብርቅ ነው።

ልብስ ሰፊዎች ይገባቸዋል። የታችኛው ክር የሚቀመጥበትን ቤት በክሩ አንጠልጥለን ሳብ ስናደርገው ቀስ ብሎ ወረድ ማለት አለበት። ዝም ብሎ ከወደቀ ላልቷል፣ ከነጭራሹ ካልተነቃነቀ ጠብቋል። በእጅ የሚታወቅ ነገር ነው። መርፌ ቀለለ ማለት ሸክላ ተረፈ ማለት ነው ብላችሁ ደግሞ ወደ 1 ግራም እንዳትወርዱ። ከልኩ በታች የሆነ መርፌ ቦዩ ውስጥ ይላጋል፤ ግድግዳውን እየመታ ይሄዳል። እሱም ይፍቃል። ፋብሪካው የጻፈውን ግራም ያዙ።

የመጀመሪያው ማታ ድምፅ ግን አስደንጋጭ ነበር። ወፍራሙ ድምፅ ቤቱን ያናውጠዋል፣ ቀሪው ተሰነጣጥቋል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ተጨምሮ ነው የሚቆረጠው። ወፍራሙ እንዳለ ቢቆረጥ ቦዩ በጣም እየተጠማዘዘ ቦታ ይፈጃል፣ መርፌውም ይዘላል። እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ለዚህ አንድ የጋራ ልክ አለ፤ ሪያ ይሉታል። ሲሰማ መልሶ የሚያስተካክለው ፎኖ ፕሪአምፕ ነው፤ ከካርትሪጁ የምትመጣውን ጥቂት ሚሊ ቮልትም ከፍ ያደርጋታል። የእኔ ማጫወቻ ፕሪአምፑ በውስጡ አለ። አምፕሊፋየሬም “ፎኖ” የሚል ቀዳዳ አለው። ገመዱን እዚያ ሰካሁ፣ የማጫወቻውን ፕሪአምፕ ሳላጠፋ። ሁለት ጊዜ ተስተካከለ ማለት ነው። ከማጫወቻው ጀርባ ያለችውን ማብሪያ ማጥፊያ ገፋ ሳደርጋት ሁሉም ነገር ተረጋጋ። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። አንዱም ከሌለ ደግሞ ድምፁ እንደ ትንኝ ይሆናል። የኧርዟን ሽቦ ሳታስሩ ብትቀሩ ደግሞ “ሁምምም” የሚል ነገር ከስፒከሩ ይወጣል። ማጫወቻ ስትገዙ ፕሪአምፕ አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ገንዘብ ያድናል። ከሌለው እሱንም ለብቻው ትገዛላችሁ።

ጽሑፋችሁ ላይ “በ78 ፍጥነትም ይዞራል” የሚለውን እንደ ትልቅ ጥቅም ጠቅሳችሁታል። ፍጥነቱ ብቻ አይበቃም። የድሮዎቹ የ78 ዲስኮች ቦያቸው ሰፊ ነው፤ ወፍራም ጫፍ ያለው ሌላ መርፌ ይፈልጋሉ። የረዥም ሸክላን መርፌ እዚያ ውስጥ ብታስገቡት ከቦዩ ስር ወርዶ አቧራ ያርሳል።

ለጸሐፊው ፍትሐዊ ልሁን። ሁሉም ሰው ብሎን መፍታት አይወድም። እጁ የሚንቀጠቀጥ አለ፣ ሸክላው ሳያልቅ እንቅልፍ የሚወስደው አለ። ለእነሱ ቁልፍ ሲጫኑት ክንዱ በራሱ ሄዶ በራሱ የሚመለስ ዓይነት ይሻላል። የኦዲዮ-ቴክኒካ ኤልፒ60 እንዲህ ነው። ሚዛኑን መቀየር አይቻልም፣ ካርትሪጁም አይወጣም። ግን ካርትሪጁ ማግኔት ያለው ነው፣ መርፌውም ይቀየራል። ከሻንጣው ጋር በአንድ ቅርጫት አላስገባውም። ለእናቴ የገዛሁት እሱን ነው።

ስለ መርፌ ዕድሜ አንድ ነገር ብዬ ላብቃ። ጫፉ አልማዝ ነው፤ አልማዝም ግን ያልቃል። ኦዲዮ-ቴክኒካ ለሞላላ ጫፍ መርፌ 300 ሰዓት ገደማ ይሰጠዋል። 20 ደቂቃ ለሚፈጅ ገጽ ይሄ 900 ገጽ ነው። የደንበኞቼን ልክ በምጽፍበት ደብተር የመጨረሻ ቅጠል ላይ አንድ ገጽ በሰማሁ ቁጥር አንድ ጭረት አደርጋለሁ። አምስት አምስት እያደረግሁ አስራቸዋለሁ። ትናንት 412 ደርሻለሁ። 900 ሲሞላ ካርትሪጁን ሳልነካ ፊቱ ላይ ያለችውን የፕላስቲክ መርፌ ብቻ ስቤ አውጥቼ ሌላ እሰካለሁ። የእኔ ካርትሪጅ ያለበት፣ ቪኤም95 የሚባለው ቤተሰብ ሁሉም መርፌዎቹ እርስ በርስ ይገጥማሉ፤ ያን ጊዜ ገንዘብ ካለኝ ወደ ተሻለው ከፍ እላለሁ። ብሉቱዝ ላይ ላወጣው የነበረው ገንዘብ እዚያ ይገባል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ማጫወቻ ስታስተዋውቁ ከቀለሙ ጎን ሦስት ነገር ጻፉልን፤ ስንት ግራም እንደሚጫን፣ ግራሙ ይስተካከል እንደሆነ፣ መርፌውና ካርትሪጁ ይወጡ እንደሆነ። ሦስት መስመር ቦታ አትነፍጉንም።

ከደብዳቤው ጋር አንዲት ቀይ ቁራጭ ጨርቅ አድርጌአለሁ። ለዚያ ጸሐፊ ስጡልኝ። ፎቶው ላይ ካለው ማጫወቻ ጠርዝ ላይ ይለጥፋትና 3 ደቂቃ ይቁጠር። ስንት እንደወጣለት ማወቅ እፈልጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ልብስ ሰፊ አንባቢያችሁ